ያለ አንቲባዮቲክ እስከ የት? የላም ጡት በሽታ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከጎንደር

ሰኔ፣ መነሻ

ሥራው የሚካሄደው በአዘዞና በማራኪ አካባቢ ባሉ ጥቂት የወተት ላም በረቶች ነው። አብዛኞቹ ላሞች የፎገራና የሆልስታይን ዲቃላ ናቸው። ሁሉም በእጅ ይታለባሉ፤ ብዙዎቹ ጥጃ ካልቀረበላቸው ወተት አይለቁም። እስካሁን የነበረው ልማድ ግት ሲያብጥ ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ፔንስትሬፕ የተባሉ አንቲባዮቲኮችን መውጋት ነበር። በጡንቻ የተወጋ ፔንስትሬፕ ግት ውስጥ በበቂ መጠን አይደርስም። ላሚቱ ለጥቂት ቀን የተሻላት ትመስላለች፤ ከሳምንታት በኋላ ያው ጡት መልሶ ያብጣል። በዚያ ላይ መድኃኒቱ ከሰውነቷ ሳይወጣ ወተቷ ለቤትም ለገበያም ይውላል። እርጎ አልረጋ ሲል ብዙ ሰው ዕቃውን ይወቅሳል፤ አንዳንዴ ግን እርጎውን የሚያረጉትን ባክቴሪያዎች የገደለው ከላሚቱ የወጣው መድኃኒት ነው።

ስለዚህ ሥራውን የጀመርነው ምትክ መድኃኒት በመፈለግ አይደለም። መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛው ጡት መድኃኒት ይፈልጋል፣ የትኛው አይፈልግም የሚለው ነው። ይህ ሳይታወቅ ቅጠልም ሆነ ሌላ አዲስ ነገር መሞከር ያው በጭፍን መርፌ መውጋት ነው፤ የተለወጠው የሚሰጠው ነገር ብቻ ይሆናል።

ሰኔ መጨረሻ፣ የሲኒ ፍተሻ

ከመታለቧ በፊት ከእያንዳንዱ ጡት ሁለት ሦስት ጭምቅ በጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ላይ ይታያል። ጓል፣ ውኃ የመሰለ ወተት ወይም ደም በጥቁር ላይ ወዲያው ይለያል። ይህ ግን የሚያሳየው ገሃድ የወጣውን ሕመም ብቻ ነው። የተደበቀውን ለማግኘት በሳሙና መፈተሽ ያስፈልጋል።

ለፍተሻው የተዘጋጀው ፈሳሽ ካልተገኘ በዱቄት ሳሙና ይሠራል፤ 30 ግራም ኦሞ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ። በኃይል ከተመታ አረፋ ይበዛና ውጤቱን ይሸፍናል። ከዋዜማው በቀስታ አሟሙቶ ማሳደር ይሻላል። አራት ነጭ የቡና ሲኒ ተገዝቶ ከሥሩ ግራ ፊት፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ኋላ ተብሎ ይጻፍበታል። እነዚህ ሲኒዎች ወደ ረከቦት አይመለሱም። ውስጣቸው 3 ሚሊ ሊትር ላይ በማይለቅ ቀለም መስመር ይደረጋል። ወተቱ እስከ መስመሩ ይታለባል፤ መርፌው በወለቀ ሲሪንጅ 3 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይጨመርና ሲኒው እስከ አንድ ደቂቃ በዝግታ ይዞራል።

ድብልቁ እንደነበረ ከቀጠነ ጡቱ ጤነኛ ነው። ሲኒው ዘንበል ሲል ስስ ዝልግልግ ታይቶ ከጠፋ ጥርጣሬ ይመዘገባል። ወፍሮ እንደ እንቁላል ነጭ መሃል ላይ ከተሰበሰበ ጡቱ በጣም ታሟል። የሚያወፍረው ሕመሙን ለመከላከል ወደ ግት የመጡት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ሳሙናው ሲያፈነዳቸው ውስጣቸው ያለው ዲኤንኤ ወጥቶ ይለጠጣል። ስለዚህ ፍተሻው ግቱ መቆጣቱን እንጂ የባክቴሪያውን ስም አይነግረንም።

ንባቡን የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። እንገር በጤነኛ ላምም ይወፍራል። ልትነጥፍ የተቃረበች፣ ወተቷ ያነሰ ላም አራቱም ጡቶቿ ትንሽ ትንሽ ይወፍራሉ። የሚያመለክተው በጡቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ሦስቱ ቀጥነው አንዱ ከወፈረ ያ ጡት ምልክት ይደረግበታል። ወተቱ ከመስመሩ ካነሰ ወይም ካለፈ ደግሞ ድብልቁ ይዛባል፤ ደፍቶ መድገም ነው።

ሐምሌ፣ ጭቃና የጡት መንከሪያ

ክረምቱ ገብቷል። በረቱ እርጥብ፣ እበቱ ከጭቃ ጋር የተቀላቀለ፣ ላሞቹ የሚተኙት በዚያው ላይ ነው። በዚህ ወቅት የሚበረቱት ከእበትና ከእርጥበት የሚመጡት ኢ.ኮላይ፣ ክሌብሲየላና ስትሬፕቶኮከስ ዩበሪስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስና ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲኤ ግን ከክረምት ከበጋ አይሉም። ከታመመ ጡት ወደ ጤነኛ ጡት በአላቢ እጅ፣ በጨርቅና ከላም ላም በሚጠባ ጥጃ አፍ ይዛመታሉ።

በየበረቱ ያየነው ትልቁ ጥፋት አንድ ባልዲ ውኃና አንድ ጨርቅ ለሁሉም ላም መጠቀም ነው። ግቱ በሙሉ ሲታጠብ እድፉ በውኃው ወርዶ የጡቱ ጫፍ ላይ ይንጠባጠባል፤ እርጥቡ እጅ ያንኑ ወደ ቀዳዳው ይገፋዋል። አሁን የሚሠራው እንዲህ ነው። ጥጃው ቀርቦ ወተቱ እንደተለቀቀ ይነሣል። ጡቱ ካልቆሸሸ ውኃ አይነካውም፤ ከቆሸሸ ጡቱ ብቻ ይታጠባል። ለየላሟ በተለየ፣ በተቀቀለና በፀሐይ በደረቀ ጨርቅ ከጎኑ ተጠርጎ በመጨረሻ ጫፉ ይታሻል። ደረቅ ሳይሆን አይታለብም። ጤነኞቹ ይቀድማሉ፣ ጥርጣሬ ያለባቸው ይከተላሉ፣ ስታፊሎኮከስ የተገኘባት መጨረሻ ላይ ትታለባለች።

ከታለበች በኋላ የሚነከርበት ፈሳሽ፣ ለ1 ሊትር፦ 10 በመቶ የሆነ ፖቪዶን አዮዲን 500 ሚሊ ሊትር፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ 400 ሚሊ ሊትር፣ ግሊሰሪን 100 ሚሊ ሊትር። 10 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድለው አዮዲን 1 በመቶ ገደማ ስለሆነ ድብልቁ 0.5 በመቶ ላይ ይወርዳል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ጡቱን እንዳያደርቀው የሚጨመረው ግሊሰሪን ከዚህ ከበዛ የአዮዲኑን ኃይል ያዳክማል። አዮዲን ብረት ስለሚበላ ድብልቁ ጥቁር የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጣል።

መንከሪያው አጭር የፕላስቲክ ኩባያ ነው። ጡቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ጠልቆ ይወጣል፤ ጫፉን ብቻ መቀባት አይበቃም። ጥጃው ከታለበ በኋላ የቀረውን የሚጠባ ከሆነ መንከሩ ከጥጃው በኋላ ነው፤ አለበለዚያ አዮዲኑን ጥጃው ይልሰዋል። በኩባያው ውስጥ ያለው ቡናማ ቀለም ወደ ገረጣ ቢጫ ሲለወጥ አዮዲኑን እበትና ወተት ጨርሰውታል ማለት ነውና ይደፋል፤ ወደ ዋናው ዕቃ ፈጽሞ አይመለስም። ላሚቱ ወዲያው እንዳትተኛ ድርቆሽ ወይም ፉርሽካ ይቀርብላታል። የጡቱ ቀዳዳ እስኪዘጋ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳልና በዚያ ጊዜ ቆማ መብላት አለባት።

ጡትን በቅቤ እያለሰለሱ ማለብን በተመለከተ አንዲት ባለ ላም እናት፣ «ካልቀባሁት ይሰነጠቃላ ልጄ፣ እሷስ ቆማ ታሳልበኛለች?» ብለው ነበር። ስጋታቸው ትክክል ነው፤ የተሰነጠቀ ጡት የስታፊሎኮከስ ማደሪያ ነው። ነገር ግን በየቀኑ ጣት የሚገባበት የቅቤ ዕቃ ከላም ላም የሚያዛምት መንገድ ነው። ግሊሰሪን ያለበት መንከሪያ ማለስለሱን ይተካል። በጣት ስቦ ማለብ ቀርቶ በሙሉ መዳፍ ጨብጦ ማለብ ደግሞ የቅቤን አስፈላጊነት በእጅጉ ይቀንሳል።

ለመኝታው ጭድ በየቀኑ ይለወጣል። ውኃ ጠጥቶ የበረደ ኖራ ከጭዱ በታች ስስ ተደርጎ ይነሰነሳል። ኖራው ባክቴሪያን የሚያዳክመው ለአንድ ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ ይደገማል። ውኃ ያልጠጣ ኖራ ቆዳ ያቃጥላል፤ የበረደውም ቢሆን በዝቶ ከተነሰነሰ ጡቱን ያደርቀዋል።

ነሐሴ፣ ናሙናና ቤተ ሙከራ

ምልክት ከተደረገባቸው ጡቶች ናሙና ተወሰደ። የጡቱ ጫፍ በ70 በመቶ አልኮል በተነከረ ጥጥ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይታሻል፤ ከአላቢው የራቁት ጡቶች መጀመሪያ ይጠረጋሉ፣ ናሙናው ግን ከቅርቡ ይጀመራል፤ ክንድ የተጠረገውን እንዳይነካ ነው። የመጀመሪያው ጭምቅ ይደፋል። ብልቃጡ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ዘንበል ብሎ ይያዛል፤ ከግቱ የሚረግፍ ፀጉርና አቧራ ቀጥ ብሎ በተያዘ ብልቃጥ ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ በበረዶ ሣጥን ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል። በአንድ የማብቀያ ሳህን ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ ዓይነት ባክቴሪያ ከበቀለ ናሙናው ቆሽሿልና ይደገማል።

ለደም አጋር፣ ባክቴሪያው ለሚበቅልበት የረጋ ምግብ፣ 5 በመቶ የበግ ደም ይጨመርበታል፤ በ1 ሊትር 50 ሚሊ ሊትር። አጋሩ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው ደሙ የሚገባው። በትኩሱ ከገባ ደሙ ይበስልና ሳህኑ ቡናማ ይሆናል፤ የደም መሟሟት ምልክት አይታይበትም። ከእያንዳንዱ ናሙና 0.01 ሚሊ ሊትር ተሰምሮ በ37 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ባለ 2 ሊትር ጠርሙሶች ውኃ ተሞልተው ከሳህኖቹ ጋር ማሞቂያው ውስጥ ስለሚቆዩ ሙቀቱ በዝግታ ይወርዳል። መብራቱ ረጅም ሰዓት ከጠፋ ንባቡ ወደ 48 ሰዓት ይራዘማል፤ «ምንም አልበቀለም» ተብሎ በ24 ሰዓት አይዘጋም።

ለመለየት በርካሽ የሚሠሩ ሁለት ፈተናዎች አሉ። አንድ ጠብታ 3 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ላይ የበቀለው ተነክቶ እስከ አንድ ደቂቃ ይታሻል። ሲነሣ ክር ከሳበ ግራም ኔጋቲቭ ከሚባለው የባክቴሪያ ወገን ነው፤ ኢ.ኮላይና ክሌብሲየላ እዚህ ይመደባሉ። ክር ካልሳበ ከዚያው የበቀለ ለብቻው ተነክቶ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ይጨመርበታል፤ ከፈላ ስታፊሎኮከስ፣ ካልፈላ ስትሬፕቶኮከስ ይገመታል። ለሃይድሮጂን ፐሮክሳይዱ ፈተና የሚነሣው ባክቴሪያ ከደም አጋሩ ጋር ከተፋቀ ደሙ ራሱ ያፈላዋል፤ ከላይ በቀስታ በእንጨት ጫፍ መንካት ነው። ስታፊሎኮከስ ከሆነ የኮአጉሌዝ ፈተና ይከተላል፣ በጥንቸል ፕላዝማ፣ በ4ኛውና በ24ኛው ሰዓት ይነበባል፤ ፕላዝማውን ካረጋው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ይገመታል።

መስከረም፣ ቀላል ሕመም

ቦራ የተባለችው ላም ግራ ኋላ ጡቷ አበጠ፤ ወተቱ ጓል አለበት። ትበላለች፣ ታመሰኳለች፣ ሙቀቷ 39.2 ነው። ናሙናው ክር ሳበ። አንቲባዮቲክ አልተሰጣትም። በቀላል የኢ.ኮላይ ሕመም ብዙውን ጊዜ ወተቱ ሲበላሽ እኛ በምናይበት ሰዓት ሰውነቷ ባክቴሪያውን እያጸዳው ነው።

የተሰጣት ሜሎክሲካም ነው፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ 0.5 ሚሊ ግራም በኪሎ። 350 ኪሎ ለምትመዝን ላም 175 ሚሊ ግራም ነው፤ 20 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ከሆነ መድኃኒት 8.75 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሕመሙንና ትኩሳቱን ያበርዳል፤ ባክቴሪያ አይገድልም። አንቲባዮቲክ አይደለም ማለት ወተቱ ወዲያው ይጠጣል ማለት አይደለም። በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ይከበራል። የታመመው ጡት በቀን ውስጥ እየተደጋገመ ይጨመቃል፣ ወደ መሬት ሳይሆን በረኪና ወዳለበት ዕቃ። አዘውትሮ መጨመቁ ብቻውን ያድናል አንልም፤ ጓሉን ያስወጣል፣ ላሚቱን ያቀልላታል፣ በየሰዓቱም እንድትታይ ያደርጋል። ውኃ ሁልጊዜ ከፊቷ አይጠፋም።

ያለ አንቲባዮቲክ የመቆየቱ ገደብ ተጽፎ በበረቱ ግድግዳ ተለጥፏል፤ ሙቀት ከ39.5 ማለፍ፣ መብላት ማቆም፣ ዓይን መጎድጎድ፣ ጆሮ መቀዝቀዝ፣ መነሣት አለመቻል ወይም ጡቱ መቀዝቀዝና መጥቆር። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሐኪም ይጠራል። በከባድ የኢ.ኮላይ ሕመም የምትሞተው ላም የምትሞተው ከባክቴሪያው በሚወጣው መርዝ ነው፤ ደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሰዓት የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም።

የቦራ ጓል በጥቂት ቀናት ጠፋ። የሲኒ ፍተሻዋ ግን ለሳምንታት መወፈሩን አልተወም። ይህ ሰውን ያስደነግጣል፤ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ነጭ ሕዋሳቱ ቶሎ አይቀንሱም። ሁለተኛው ናሙና ምንም ስላላበቀለ መድኃኒት አልተጨመረም።

በሕንድ አገር በስፋት የሚመከረውን ቅባትም ከውጭ ሞክረነዋል፤ 250 ግራም የሬት ቅጠል፣ 50 ግራም እርድ፣ 15 ግራም የበረደ ኖራ አብሮ ተፈጭቶ በውኃ እየቀጠነ በቀን ብዙ ጊዜ ግቱ ላይ ይቀባል። ያበጠውን ያቀዘቅዘዋል፤ ላሞቹም ሲቀቡ ይረጋጋሉ። ባክቴሪያ ማጥፋቱን ግን በሳህናችን ላይ አላየንም፤ ስለዚህ ማስታገሻ ብለን ነው የያዝነው። ከመታለቧ በፊት በደንብ ካልተጠረገ እርዱ ወተቱ ውስጥ ይገባል።

የነጭ ሽንኩርት ወይም የቅጠል ጭማቂ በሲሪንጅ ወደ ጡት ቀዳዳ መክተት ግን በጥብቅ ተከልክሏል። ሳህን ላይ ባክቴሪያ የሚገድል ነገር ሁሉ ግት ውስጥ ይገባል ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ የተጨመቀ ነገር እርሾና ሻጋታ ይዞ ይገባል፤ እርሾ ያመጣው የጡት በሽታ ደግሞ አንቲባዮቲክ የማይነካው ነው።

ጥቅምት፣ ዳልቻ

የዳልቻ ቀኝ ኋላ ጡት ኮአጉሌዝ ፖዘቲቭ ሆነ፤ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ። ግቱ ሲዳሰስ ወደ ላይ ጠጠር ያለ እብጠት አለው። ይህ ባክቴሪያ ግት ውስጥ በጠባሳ ታጥሮ ይቀመጣል፤ በሕዋሳት ውስጥም ይደበቃል። ብዙዎቹ ዝርያዎች ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም አላቸው። አንቲባዮቲክ እዚህ የሚሸነፈው ለዚህ ነው፤ ምትክ የተባለውም ያው ግንብ ይጠብቀዋል። ባክቴሪያው በወተት የሚወጣው አንድ ቀን በርክቶ ሌላ ቀን ጠፍቶ ስለሆነ አንድ ባዶ ሳህን «ድናለች» አያሰኝም።

ለእሷ የተወሰነው ያንን ጡት ጨርሶ ማንጠፍ ነው። መታለቡ ይቆማል፣ መነከሩ ይቀጥላል፣ ጥጃው እንዳይጠባው ይጠበቃል። መጀመሪያ ይወጠራል፤ ትኩሳት ካልመጣ አይነካም። እየታዘነ የሚጨመቅ ጡት እንደገና ወተት ያቀርባል፣ ሥራውም ከዜሮ ይጀምራል። ሦስቱ ጡቶቿ ንጹህ ናቸው፤ መጨረሻ ላይ ትታለባለች።

በሌላ በረት ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲኤ ሲገኝ ግን በሐኪም ትእዛዝ ወደ ጡት የሚገባ ፔኒሲሊን ተሰጠ። ለዚህ ባክቴሪያ ፔኒሲሊን በደንብ ይሠራል። አንቲባዮቲክን የምንቆጥበው እንዲህ ላለው ቦታ ነው።

ኅዳር፣ ፋጅ

ፋጅ ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው፤ ፊሊክስ ደሬል ስሙን ያወጣለት በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ከበረት ፍሳሽ ማውጣቱ ከባድ አይደለም። 50 ሚሊ ሊትር ፍሳሽ አተላው እስኪዘቅጥ ይቆያል፣ በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ይጣራል፣ በእጥፍ ከተዘጋጀ የባክቴሪያ ማርቢያ ሾርባና ሌሊቱን ካደረ የባክቴሪያ እርባታ 1 ሚሊ ሊትር ጋር በ37 ዲግሪ ያድራል። ጥቂት ካልሲየም ክሎራይድ ፋጁ ባክቴሪያው ላይ እንዲጣበቅ ያግዛል። በማግሥቱ በ0.22 ተጣርቶ 10 ማይክሮ ሊትር ባክቴሪያው በተነጠፈበት ሳህን ላይ ይንጠባጠባል። ለኢ.ኮላይ የሚሆነው ከመጀመሪያው ፍሳሽ ተገኘ። ለስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ግን በብዙ ድካም ነው፤ ከእበት ፍሳሽ ይልቅ ከግት መጥረጊያ ጨርቅ እጣቢ መፈለጉ ይሻላል።

ጠራ ያለ ክብ ታየ ተብሎ መደሰት አይገባም። በፍሳሹ ውስጥ የቀረ አንቲባዮቲክ ወይም ሌላ ባክቴሪያ የሚያመነጨው ገዳይ ነገር ተመሳሳይ ክብ ይሠራል። ፈሳሹ በየጊዜው 10 እጥፍ እየቀጠነ ሲንጠባጠብ ፋጅ ከሆነ ክቡ ወደ ተለያዩ ጥቃቅን ነጥቦች ይበተናል። አንቲባዮቲክ ከሆነ ክቡ በአንድነት እየደበዘዘ ይጠፋል። ከዚያ አንዱ ነጥብ ተወስዶ ሦስት ጊዜ እየተነጠለ ይጣራል።

ሾርባ ውስጥ የሚገድለው ፋጅ ጥሬ ወተት ውስጥ ደከመ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የአጓት ፕሮቲኖች ስታፊሎኮከሱን ሸፍነው ፋጁ እንዳይጣበቅ ያደርጋሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣ ሙከራ በላሞች ግት ውስጥ ፋጅ ሲሰጥ ከ18 ጡቶች የዳኑት 3 ብቻ ነበሩ፣ ጨው ውኃ ከተሰጣቸው 20 ጡቶች ግን አንድም አልዳነም። ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ ሲመዘን በአጋጣሚ አይደለም የሚያሰኝ አልነበረም፤ ይሠራል ለማለት ገና አይበቃም። ስለዚህ እኛ ዘንድ ፋጅ ላም ውስጥ አልገባም። የሚቀጥለው ሙከራ የመጥረጊያ ጨርቅና የጡት ቆዳ ላይ ነው፤ እዚያ አጓት የለም።

የካቲትና መጋቢት፣ ማንጠፍ

ዐቢይ ጾም ሲገባ የወተት ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ብዙ ባለ ላሞች ላም የሚያነጥፉት በዚህ ጊዜ ነው። መመዘኛው ግን ጾሙ ሳይሆን የመውለጃዋ ጊዜ ነው፤ ሊወልዱ 60 ቀን ገደማ የቀራቸው ብቻ ተመርጠዋል። ለሁሉም በጅምላ የማንጠፊያ አንቲባዮቲክ መክተት ቀርቷል። በሲኒም በሳህንም ንጹህ የሆነች ላም ያለ መድኃኒት ትነጥፋለች፤ ባክቴሪያ የተገኘባት ብቻ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣታል።

ከመንጠፏ ሳምንት በፊት ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ይቆማል፣ ጭድና ሣር ብቻ ይቀርባል፤ ውኃ አይከለከልም። ወተቷ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ታልባ፣ ተነክራ ትቆማለች። በየሁለት ቀኑ «ትንሽ ላቅልልላት» ብሎ ማለብ ቀዳዳውን የሚዘጋውን ተፈጥሯዊ ሰም ያወጣዋል። ከቆመች በኋላ ለአንድ ሳምንት ጡቶቹ በየቀኑ ይነከራሉ፤ ቀዳዳው ያልተዘጋበት አደገኛ ጊዜ ይህ ነው። ከውስጥ የሚዘጋው የቢስመዝ ማሸጊያ ለዚህ ጊዜ የተሠራ፣ አንቲባዮቲክ የሌለው ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ንጽሕናው ሳይጠበቅ የገባ ማሸጊያ ባክቴሪያውን ውስጥ አሽጎ ያስቀራል፤ በሠለጠነ እጅ ብቻ ይሰጥ።

በጋውን ሙሉ የደረቀ ጭድ የበላች ላም ቫይታሚን ኢ ያንሳታል። ነጭ የደም ሕዋሳቷ ባክቴሪያን የሚገድሉበት አቅም የሚደክመው በዚህና በሴሊኒየም ማነስ ነው። ለነጠፈች ላም በቀን 1000 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ይመከራል። ማሟያው ካልተገኘ መስኖ ካለበት ጓሮ የሚታጨድ አልፋልፋና ዝሆኔ ሣር ለነጠፉት ቅድሚያ ይሰጣል፤ አሁን እየተደረገ ያለው ይህ ነው።

የሚቀጥለው ምዝገባ ሲወልዱ ነው። እንገሩ እስኪጠራ የሲኒ ፍተሻ አይሠራም። ከ5ኛው ቀን በኋላ አራቱም ጡቶች ይፈተሻሉ፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የወፈረ ጡት በዚያኑ ቀን ናሙናው ይወሰዳል፣ ሳህኑ እስኪነበብም ያቺ ላም መጨረሻ ላይ ትታለባለች።